ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ

ጂንካ ስመደብ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመንግሥት መኪና ነድተዋል። ኦሞራቴ የሚወርደው መንገድ ገና መንገድ ሳይባል፣ ወንዝ ሞልቶ ሁለት ሦስት ቀን ዳር ላይ ያድሩ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ነድተዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ፍየል እንኳ ገጭተው አያውቁም ይባላል። እሳቸው ይህን ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያወሩት ሌሎች ናቸው። ከተማው ውስጥ «ጋሼ» ሲባል ብዙዎች እሳቸው የተጠሩ ይመስላቸዋል፤ እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጋሼ ነው ያልኳቸው።

እኔ የመጣሁት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ አውቶሞቲቭ ላስተምር ነው። ዲግሪዬ ትኩስ ነው፣ እጄ ግን ገና ዘይት አልጠገበም። ሴት መካኒክ ለማየት ብቻ ወርክሾፑ በር ላይ የሚቆሙ ሰዎች ነበሩ። ጋሼ ብቻ ምንም አልመሰላቸውም። ሻንጣዬን ባስገባሁ ማግስት ግቢው ውስጥ አቮካዶ ዛፍ ሥር ወደቆመችው ፒክአፕ ወሰዱኝና «መምህር፣ እስቲ ይቺን እይልኝ» አሉ።

ፒክአፗ ባለ ቤንዚን ናት፣ አሮጌ፣ ግን በሥርዓት የተያዘች። ችግሯ ዳገት ነው። ከወይጦ ጭነት ይዛ ስትወጣ ራዲያተሯ ይፈላል፣ የተሳፈረው ሰው ወርዶ ይገፋል። ጋሼ ለዚህ መድኃኒት አግኝቻለሁ ብለው አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ፈቱ። ውስጡ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የተፈታ፣ አየር እየነፋ ለሞተር ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ነበር፤ አርባ ምንጭ ያለ የድሮ ጓደኛቸው ነው የሰጣቸው።

«ለዚያ ዝሆን ጉልበት ከሰጠ ለእኔ ጥጃ ምን ያንሰዋል?» አሉኝ።

አየርና ቤንዚን በካርቦራቶር ለሚቀላቅል ሞተር ቱርቦ መግጠም ጣጣ እንዳለው ነገርኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን እጄ በልቶኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሞተርን ሰሌዳ ላይ ስያለሁ እንጂ አንድም ነገር በእጄ ሠርቼ ጨርሼ አላውቅም። እሳቸው እየበየዱ፣ እኔ እየለካሁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሁለት ወር ፈጀብን።

ብየዳው የእሳቸው ከሆነ ቱቦዎቹ የእኔ ነበሩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር አየር ሲስብ ከካርቦራቶሩ በታች ኃይለኛ መሳብ ይፈጠራል። ያ መሳብ በቱቦ ተወስዶ የተለያየ ሥራ ይሠራል፤ ዋነኛው ፍሬኑን ማገዝ ነው። ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት ድስት የሚመስል ክብ ነገር አለ፣ ሰርቮ ይባላል። ሞተሩ ከሰርቮው ውስጥ አየር ሲስብለት ፔዳሉ ለእግር ይለሰልሳል። መሳቡ ከቀረ ግን ፍሬኑ ኖሮ እንደሌለ ይሆናል፤ ለመያዝ የጎረምሳ ጉልበት ይጠይቃል። ቱርቦ ሲጨመር ደግሞ ያው ሞተር አንዴ ይስባል፣ አንዴ ይነፋል። ስለዚህ ንፋቱ ወደ ሰርቮው እንዳይገባ የሚመልስ ትንሽ ቫልቭ መሐል ላይ ይገባል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ቫልቩን በአፌ እየነፋሁ አቅጣጫውን አረጋገጥኩ። እያንዳንዱን ጫፍ በፋሼታ፣ በብረት ማሰሪያ፣ አጠበቅኩ፣ ቱቦዎቹን በቀለም ምልክት አደረግኩ። ተማሪዎቼን አምጥቼ ባሳይ አላፍርም ብዬ ተኩራራሁ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ቱርቦው ቦታ ስለወሰደ የሰርቮው ቱቦ አጠረ፤ ዞሮ በሚግለው ቱርቦ ጎን ማለፍ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ውስጡ ክር ያለው ወፍራም ጎማ ነው፤ ጂንካ ውስጥ ሱቅ የቀረኝ የለም፣ አጣሁት። አርባ ምንጭ ልኬ እስኪመጣ ከሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁ። ልኩ ገጠመ።

ጋሼ በሁለት ጣታቸው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት። «ይሄ አይለሰልስም?»

«ወፍራም እኮ ነው ጋሼ። ደግሞ ለጊዜው ነው።»

«እሺ። የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሽሙጥ አልነበረበትም። እንዲሁ አምነውኝ ነው።

ከተማ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ነዷት። ቱርቦው ያፏጫል፣ ሰው ዞር እያለ ያያል። ፍሬኗ እንደ ቅቤ ነው አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወይጦ ወርደን ዳገቱን ልንፈትናት ተነሳን። አስፋልቱ ያን ጊዜ አልደረሰም፤ መንገዱ ጠጠር ነው።

እስከ ቀይ አፈር ያለው ዳገት ደስ የሚል ነበር። ጋሼ ማርሽ መቀነስ በለመዱበት ቦታ ሁሉ ሳይቀንሱ አለፉ፤ እያንዳንዱን ሲያልፉ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ይዞራሉ። ሻይ እንጠጣ ብላቸው «ስንመለስ ይሻላል» አሉ። ስለዚህ ሞተሩ እንደጋለ ቁልቁለቱን ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥምዝ ደህና ያዙ። ከሦስተኛው በፊት ትከሻቸው ሲወጠር አየሁ። አንዴ ረገጡ። ደገሙ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ ቤት ውስጥ እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ» አሉ።

እግራቸውን ተመለከትኩ። ሁለቱም እግራቸው ታች አንድ ላይ ናቸው። ከወንበሩ ተነስተው ጭንቅላታቸው ጣሪያውን ነክቷል። ሞተሩ ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ።

«ነዳጁን ይልቀቁት! ጋሼ፣ ነዳጁን ነው!» አልኩ።

ፊት ለፊታችን ከብት መንገዱን ሞልቶ እየተሻገረ ነው፤ መሐላቸው ሰው አለ። ጋሼ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዙት።

ከዚያ የማስታውሰው መሬቱ ከጎኔ ሥር መሆኑን ነው። ፒክአፗ በጎኗ ተኝታለች፣ አቧራው አፌን ሞልቶታል፣ ጋሼ ከላዬ ተንጠልጥለዋል። «ደህና ነሽ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ፣ ግንባሬ ላይ የሚወርደው ደም መሆኑን ሳላውቅ። ከብቶቹን ይዞ የነበረው የፀማይ ሰው ወጥቶ በሩን ከፈተ፣ እኛን እንደ ሕፃን አንድ በአንድ አወጣን። ከከብቱም ከሰውም የተነካ አልነበረም። የጋሼ ግራ ትከሻ ተሰብሯል።

ትራፊኩ ሲመጣ ሰውየው በሚችላት አማርኛ መሰከረ። «ሽማግሌ ቆመ» አለ። «መኪና ውስጥ ቆመ። በእግሩ ቆመ።»

«መኪና ውስጥ ማን ይቆማል?» አለና ትራፊኩ ሳቀ። ሳይጽፈው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን አየሽ?»

ያን ቀን የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደህና ነው። ሁለት እግራቸውን አንድ ላይ ሲረግጡ አይቻለሁ። ሞተሩም ሲጮህ ሰምቻለሁ።» የዋሸሁት ነገር የለም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ፒክአፗ ከተነሳች በኋላ ሌላ መካኒክ መጥቶ መረመራት። ሞተሩ ተነሳ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ ለስልሶ ወረደ። ቱቦዎቹን አየ፤ ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው፣ ክብ ናቸው፣ ጥብቅ ናቸው። «ፍሬኑ እንከን የለውም» ብሎ ፈረመ። ትራፊኩም ጋሼን በአክብሮት ነው ያናገራቸው። «አባቴ፣ ዕድሜ ነው። እግር ይሳሳታል፤ ፍሬን ነው ብለው ነዳጅ ረግጠዋል።»

«ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖብኛል» አሉ ጋሼ።

«እሺ አባቴ።»

ዞን መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ አላቸው፤ እሱ የፒክአፗን ቁልፍ ወስዶ ኪሱ ከተተ። ፒክአፗ ተጎትታ አቮካዶው ሥር ቆመች፣ ሸራ ለበሰች። ልጁ አመሰገነኝ። «እውነቱን ባትናገሪ ኖሮ ሌላ ጊዜ ሰው ይገድሉ ነበር» አለኝ። እኔም አዝኜ፣ ግን ትክክል የሠራሁ መስሎኝ፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

ሰባት ወር አለፈ። የጋሼ ትከሻ ዳነ። እግራቸው ምንም ሳይሆን ግን ዱላ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ገበያ ሲሄዱ አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት እያዩ ነው። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ቆመው ቀኝ እግራቸውን ሲያስቀድሙ፣ መልሰው ግራቸውን ሲያስቀድሙ አየኋቸው። አረጁ ብዬ አለፍኩ።

አንድ ጠዋት ወርክሾፕ ውስጥ የፍሬን ሰርቮ እያስተማርኩ ነበር። ማቆሚያ ላይ ያለ የቤንዚን ሞተር አለን፤ አንድ ሰርቮ ከነፔዳሉ አጠገቡ ገጠምኩና በቱቦ አገናኘኋቸው። ቱቦው ያ ነጭ ቱቦ ነው፤ ትርፉ መሳቢያዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ፔዳሉን እየረገጡ እንዴት እንደሚለሰልስ ያያሉ። ሠላሳ ያህል ስለሆኑ ሞተሩ ብዙ ቆየ፣ ጋለ። ቱቦው ጭስ ማውጫው አጠገብ ነው የሚያልፈው። በመጨረሻ ሞተሩን ከፍ አደረግኩና ነዳጁን ድንገት ለቀቅኩት፤ ቁልቁለት ላይ የሚሆነው ይህ ነው ልላቸው ነው።

ፔዳሉ ላይ የነበረችው ከደቡብ አሪ የመጣች ጸጥተኛ ልጅ ናት። አንዴ ረገጠች፣ ሁለቴ ረገጠች። ሦስተኛው ላይ እግሯ ባለበት ቀረ። ቀና ብላ አየችኝና «መምህር፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ» አለች።

ቱቦውን አየሁ። ቱቦ አልነበረም። ሙቀቱ አለስልሶት፣ መሳቡ ወደ ውስጥ ጎትቶት፣ ግድግዳና ግድግዳው ተጣብቆ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆኗል። ትንፋሽ አያልፍበትም።

ሞተሩን አጠፋሁት። ቱቦው ቀስ በቀስ ቀዘቀዘ። ቀስ በቀስ እየተነፈሰ ተነሳ፣ ክብ ሆነ። እንደ አዲስ። በጣቴ ነካሁት፣ ምንም አልሆነም። ፋሼታው ጥብቅ ነው። ማንም መካኒክ መጥቶ ቢያየው እንከን የለውም ብሎ ይፈርማል።

ሁሉም ነገር በአንዴ መጣብኝ። ጋሼ የቆሙት ፍሬኑ ላይ ነው። ያለ ሰርቮ መኪናዋን ለመያዝ የስልሳ ስምንት ዓመት ሰውነታቸውን በሙሉ ፔዳሉ ላይ ጥለውት ነው። ሞተሩ የጮኸው ነዳጅ ረግጠው አይደለም፤ ማርሽ ቀንሰው በሞተሩ ሊይዟት ሲታገሉ ነው። ሞተሩ በጮኸ ቁጥር መሳቡ ይበረታል፤ መሳቡ በበረታ ቁጥር የእኔ ቱቦ ይበልጥ ይጣበቃል። ቃላት ያጠሩት የከብት ጠባቂ ግን ያየውን በትክክል ተናግሮ ነበር፦ ሽማግሌው ቆሟል። አጠገባቸው የተቀመጥኩት፣ ተምሬያለሁ ያልኩት እኔ ነኝ ያላየሁት።

ክፍሉን በትኜ ወደ ቤት ሄድኩ። እየሮጥኩ ነበር መሰለኝ። ጋሼ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሽቦ ያቃናሉ።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ነው።»

«የቱ ፍሬን?»

«የእርስዎ። ያ የገጠምኩት ነጭ ቱቦ ሲሞቅ ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አሁን ዓይኔ እያየ ሆነ። እርስዎ ነዳጅ አልረገጡም። ፍሬን ነው የረገጡት።»

ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «አልረገጥኩም?» አሉ።

«አልረገጡም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እኔ እኮ ረግጫለሁ ብዬ አምኜ ነበር» አሉ። «መጀመሪያ ሰሞን እንዳልረገጥኩ አውቅ ነበር። በኋላ ትራፊኩም አለ፣ ልጄም አለ፣ አንቺም አልሽ። ሦስት ሰው ተሳስቶ እኔ ብቻዬን እንዴት ልክ እሆናለሁ? ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ። ስረግጥ ትዝ ይለኝ ጀመር። ነዳጁ ከጫማዬ ሥር ሲሰምጥ። ያልሆነ ነገር ነው አይደል? ግን ትዝ ይለኛል፣ አሁንም። ቀኝ እግሬን አላምነውም። ስራመድ እሱን እየጠበቅኩ ነው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ቁጣቸውን ነበር። ይህን አልጠበቅኩም። የሰበርኩት ትከሻቸውን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ በጭንቅላታቸው ውስጥም ያልነበረ ነገር ተክያለሁ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ።

«ተነሺ» አሉኝ። «የይቅርታውን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን። አሁን ልጄን ጥሪልኝ። መጥቶ በዓይኑ ይይ።»

ልጃቸው ከቢሮ መጣ። ሸራውን ገፈፍን። ሞተሩን አስነስቼ ፒክአፗ እንድትግል ጠበቅን። ልጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንዳልኩት ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ። ነዳጁን ከፍ አድርጌ ለቀቅኩት። ጋሼ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ቱቦውን እያዩ ነው። ሲጠፈጠፍ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«እምቢ አለ» አለ ልጁ ከውስጥ። «አባባ፣ አይወርድም።» በሙሉ ክብደቱ ገፋ። ከወንበሩ ተነሳ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን ነካ፣ ያኔ ምን እያደረገ እንደሆነ ገባውና ባለበት ቀረ። ከመኪናዋ ወርዶ ቁልፉን አባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

በማግስቱ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ያ ትራፊክ ተዛውሯል። አዲሱ ሰው ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ በጽሑፍ አቅርቢ፣ ከማህደሩ ጋር ይያያዛል አለኝ። ጻፍኩ። ኮሌጅም ለተማሪዎቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ያቺ ጸጥተኛ ልጅ «መምህር፣ ጠይቀውሽ ነበር እኮ፤ ይለሰልሳል ብለው» አለችኝ። «አዎ» አልኳት።

ጋሼ አንድ ወር ያህል ከሰላምታ በላይ አላናገሩኝም። ይገባኛል። ቤቱን ልቀቅ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ማን ልቀቂ አለሽ?» ብለው ገቡ። እንደገና ያዘዝኩት ወፍራም ጎማ ከአርባ ምንጭ ሲመጣ እኔ አልገጠምኩትም፤ ልምድ ያለው ሌላ መካኒክ ገጠመው፣ ቱርቦውንም በጋሼ ትእዛዝ አወለቀው። ፍሬኑ በጋለ ሞተር ተፈተሸ፣ ደግመን ፈተሽነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ጋሼ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ገዘር ዘመድ ጥየቃ ሊሄዱ ነው። ፒክአፗ ውስጥ ገቡ፣ አስነሱ፣ በቀስታ እስከ ግቢው በር ነዱ። በሩ ላይ ቆሙ። ፍሬኑ በደንብ ያዘ። ረጅም ጊዜ ሞተሩን እንዳስነሱ ተቀመጡ፤ ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው፣ ዓይናቸው እግራቸው ላይ። ከዚያ የመኪናዋን በር ከፍተው ወረዱና በሌላኛው በኩል ዞረው ገቡ።

«መምህር» ብለው ተጣሩ። «አንቺ ንጂ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ይችላሉ። ምንም አልሆኑም።»

«አውቃለሁ። ንጂ።»

ነዳሁ። የገዘር መንገድ ዳገትም ቁልቁለትም አለው። ሲያወሩኝ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘመዳቸው እርሻ፣ ስለ መንገዱ ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ግን ወሬያቸው ይቋረጣል፤ ቀኝ እግራቸው ባዶውን ወለል ፍሬን እንዳለው ይገፋል። እኔ እንዳላየሁ ሆኜ ፊት ፊቴን እያየሁ፣ እያንዳንዱን ቁልቁለት ከመድረሴ በፊት ፍሬን እይዝ ነበር።